የአትክልት ዘር ቀድሞ ስለ መዝራትና ስለ ላስቲክ ቤት ሙቀት አጠባበቅ

ለገበሬ ከመሬትና ከውኃ ቀጥሎ ያለው ትልቅ ሀብት ጊዜ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዘር ይዘው በአንድ ዓይነት መሬት ላይ እኩል ቢደክሙ፥ ጊዜውን ያወቀው ትርፉን ሲሰበስብ ጊዜውን ያሳለፈው ድካሙን ብቻ ይዞ ይቀራል። ጤፍና ስንዴ የሚዘራ ሰው ይህን ነገር ከአባቱ ተምሮታልና ሌላ መምህር አያስፈልገውም፤ ዝናሙና የቀኑ ቍጥር ይነግሩታል። አትክልት የሚያለማ ሰው ግን ሌላ ሒሳብ አለበት። ጤፍ በጐተራ ተቀምጦ ዋጋ ይጠብቃል፤ ቲማቲም ግን አይጠብቅም። የአገሩ አትክልተኛ ሁሉ በአንድ ሳምንት ቲማቲሙን ወደ ገበያ ያወጣ እንደ ሆነ ዋጋው ይወድቃል፥ ያልተሸጠውም በቅርጫት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ሌላው ሁሉ ባጣበት ሳምንት ያቀረበ ሰው ግን ከጥቂት መደብ ብዙ ገንዘብ ያገኛል። ስለዚህ የአትክልተኛ ብልሃቱ ከሌላው ቀድሞ ማምረት ነው፤ ቀድሞ ለማምረትም ቀድሞ መዝራት፥ ቀድሞ ለመዝራትም ዘሩ የሚሻውን ሙቀት ያለ ወቅቱ ማዘጋጀት ግድ ይሆናል።

ይህ ነገር በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ሆለታን፥ አዲስ ዓለምን፥ ጊንጪን፥ አምቦን፥ ጉደርንና ጌዶን አልፎ ባኮ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ዓይነት አየር ያገኛል። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር፥ አምቦ ወደ 2,100 ሜትር፥ ባኮ ደግሞ ወደ 1,650 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ በባኮ ለበርበሬ የሚስማማው ወር በሆለታ ለበርበሬ የጥፋት ወር ሊሆን ይችላል። ባኮ ሎካል የሚባለው የበርበሬ ዓይነት ስሙን ከዚያ ከቆላማው ስፍራ ማግኘቱም በከንቱ አይደለም።

የክረምቱ ዝናም ካቆመ በኋላ በዚህ አገር ሰማዩ ይጠራል። በጥቅምት፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ብሩህና ሞቃት ሲሆን ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ በሆለታ ዙሪያና ከእርሷ ከፍ ባሉት ሜዳዎች ውርጭ የሚጥልበት ሌሊት አለ። የመስኖ እርሻ የሚጀመረው፥ የችግኝ መደብም የሚበጀው ደግሞ በነዚሁ ወራት ነው። በጉደር አጠገብ በእንድሪስ ወንዝ የሚለማውን መስኖ የተመለከተ ሰው፥ ውኃና መሬት፥ ታታሪ ሰውም እንዳልጠፋ ያስተውላል። ዘሩ ከመሬት ሳይወጣ የሚዘገየው፥ የወጣውም ችግኝ ቢጫ ሆኖ ባለበት የሚቆመው ብዙ ጊዜ ሙቀት በማጣት ነው።

ዘር የሚበቅለው በቀን ቍጥር ብቻ አይደለም፤ በዐፈሩ ሙቀት ልክ ነው። ይህም በተደጋጋሚ ተፈትኖ የተረጋገጠ ነገር ነው። የቲማቲም ዘር የዐፈሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በ6 ቀን ይወጣል፤ 20 ዲግሪ ሲሆን 8 ቀን፥ 15 ዲግሪ ሲሆን 14 ቀን ይፈጅበታል፤ ዐፈሩ ወደ 10 ዲግሪ የወረደ እንደ ሆነ ግን 43 ቀን ያህል ይቈያል፥ በዚህ ሁሉ ጊዜም ብዙው በመሬት ውስጥ ይበሰብሳል። ቃሪያና በርበሬ ከዚህ ይልቅ ሙቀት ወዳድ ናቸው፤ በ25 ዲግሪ በ8 ቀን የሚወጣው ዘር በ15 ዲግሪ 25 ቀን ይፈልጋል። ጥቅል ጎመን ግን ብርድን ይታገሣል፤ በ10 ዲግሪ እንኳ በ15 ቀን ይወጣል። ሰላጣ ደግሞ ከሁሉ ይለያል፤ በ10 ዲግሪ በ7 ቀን፥ በ25 ዲግሪ በ2 ቀን ሲበቅል፥ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ከደረሰ ጨርሶ አይበቅልም። ከዚህም ሁለት ነገር እንማራለን ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ አንደኛው፥ የጥቂት ዲግሪ ልዩነት የብዙ ሳምንት ልዩነት መሆኑ ነው፤ ሁለተኛውም፥ ሁሉን ዘር በአንድ ቤት፥ በአንድ ሙቀት ማብቀል እንደማይቻል ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ከላስቲክ በታች ሲገቡ፥ ጎመንና ቀይ ሥር በደጅ መደብ ሊቀሩ ይገባቸዋል፤ ሰላጣም በጥላ ሥር ይሻለዋል።

ዘርን ከብርድ ከልሎ ማብቀል አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ከ2,000 ዓመት በፊት በሮም የነገሠው ጢባርዮስ ቄሣር ኪያር እጅግ ይወድ ስለ ነበር፥ አትክልተኞቹ መደቡን በመንኰራኵር ላይ አድርገው በፀሐይ ጊዜ ወደ ውጭ ያወጡት፥ በብርድ ጊዜም ብርሃን በሚያስገባ ድንጋይ ይሸፍኑት እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ መስተዋት መጣ፤ ከመስተዋትም በኋላ ርካሹ ላስቲክ መጣ። በዚሁ በምዕራቡ መንገድ ላይ፥ በሆለታ አካባቢ፥ ጽጌረዳ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ድርጅቶች ሰፋፊ የላስቲክ ቤቶችን ሠርተው ይጠቀሙባቸዋል። በነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩ ወጣቶች መጋረጃ መቼ እንደሚነሣ፥ መቼ እንደሚወርድ ያውቃሉ። ስለዚህ ላስቲክ ቤት፥ በባዕድ ቋንቋ ግሪን ሃውስ የሚባለው፥ ለአገሩ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ላስቲኩን ከየት እናግኝ የሚል አይደለም፤ ላስቲክ በገበያ አለ። ጥያቄው ቤቱን ማን ይጠብቀው የሚል ነው። ላስቲክ ቤት ከራሱ ሙቀት አይፈጥርም። ከፀሐይ የተቀበለውን ለጥቂት ሰዓት ይይዛል፤ ያልጠበቁት እንደ ሆነ ግን ቀን ከሚገባው በላይ ይግላል፥ ሌሊትም ከሚገባው በታች ይቀዘቅዛል። ጠባቂ የሌለው ላስቲክ ቤት ለችግኝ ከደጅ መደብ የባሰ ስፍራ ነው፤ በደጅ ያለ ችግኝ ቢያንስ ነፋስ ያገኛል። ስለዚህ ለአንድ ወረዳ ላስቲክ ቤት ሰጥቶ ጠባቂና የሙቀት መለኪያ አለመስጠት፥ ለአንድ ሰው በቅሎ ሰጥቶ ልጓሙን እንደ መከልከል ነው።

በመጀመሪያ የሌሊቱን ነገር መመርመር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ላስቲክ ቤት ሌሊቱን ሁሉ እንደ ብርድ ልብስ የሚያሞቅ ይመስለዋል። መስተዋት ከመሬት ወደ ሰማይ የሚወጣውን የማይታይ የሙቀት ጨረር ያግዳል፤ ተራው ላስቲክ ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ሰማዩ በደመና በተሸፈነ ሌሊት ደመናው ራሱ ሙቀቱን ስለሚመልስ ጕዳቱ ጥቂት ነው፤ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ግን፥ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ፥ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ባዶው ሰማይ ይለቃል። ስለዚህ ሊነጋ ሲል በአንድ ሥሥ ላስቲክ ብቻ በተሸፈነ ቤት ውስጥ ያለው አየር በደጅ ካለው አየር ጋራ ሊተካከል፥ አንዳንድ ጊዜም ከእርሱ ሊብስ ይችላል። አትክልተኛው ማታ በሩን ዘግቶ፥ ሙቀት ተሰምቶት ወደ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ችግኙ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ በብርድ ይቀጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ዘሩን ይወቅሳል፥ ዘሩን የሸጠለትንም ነጋዴ ይከሳል።

መድኃኒቱ ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፥ ከትልቁ ላስቲክ በታች፥ በመደቡ ላይ፥ ከቀርከሃ ወይም ከሸምበቆ በተሠራ ዝቅተኛ ቀስት ሁለተኛ ላስቲክ ማልበስ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው አየር ብርዱን ይከለክላል። ሁለተኛ፥ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዚያ በዝቅተኛው ላስቲክ ላይ ሰሌን ወይም ጆንያ መጣል፥ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣም ማንሣት ነው። ሦስተኛ፥ ውኃን እንደ ምድጃ ማሠራት ነው፤ ውኃ በክብደቱ ልክ ከደረቅ ዐፈር በብዙ እጥፍ ሙቀት ይይዛልና፥ 20 ሊትር የሚይዙ ጥቁር ጄሪካኖች ሞልቶ በመደቡ ዙሪያ ቢያቆሙ ቀን የጠጡትን ፀሐይ ሌሊት ይመልሱታል። በማግስቱ ጠዋትም ችግኙ የሚጠጣው ውኃ ከወንዝ እንደ መጣ ቀዝቃዛ ሳይሆን ለብ ያለ ይሆናል።

አራተኛው ብልሃት ፍግ ነው። በአምቦ፥ በጊንጪና በሆለታ ከተሞች ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች ብዙ ናቸው፤ ፍጋቸውም በየመንገዱ ተጥሎ የከተማ ቆሻሻ ይባላል። ይህ ትኩስ የፈረስ ፍግ ከጭድ ጋራ ተደባልቆ፥ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጕድጓድ ውስጥ ተረግጦ፥ በላዩ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጥሩ ዐፈር ቢለብስ፥ በውስጡ በሚደረገው መብላላት ለብዙ ሳምንት ሙቀት ይሰጣል። በአውሮፓ ያሉ አትክልተኞች ከሰል ሳይበዛ በፊት በክረምት ዘር የሚያበቅሉት በዚህ ነበር። ነገር ግን ፍጉ እንደ ተረገጠ ወዲያው ዘር የሚዘራ ሰው ዘሩን ይቀቅለዋል፤ የመጀመሪያው ግለት እስኪበርድ ድረስ አንድ ሳምንት ያህል መጠበቅ፥ ሙቀቱም ከ30 ዲግሪ በታች መውረዱን በመለኪያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከሰል በምድጃ አንድዶ በተዘጋ ላስቲክ ቤት ውስጥ ማኖር ግን ፈጽሞ መከልከል ያለበት ነገር ነው። ጭሱ ቢጠፋም የማይታየውና የማይሸተው የከሰል መርዝ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይከማቻልና፥ ማታ እሳቱን ሊያይ የገባው ጠባቂ ወድቆ ሊቀር ይችላል። ለአንድ መደብ ቲማቲም የሰው ነፍስ አይከፈልም።

ሁለተኛው ነገር የቀትሩ ነው፤ ይህም ከሌሊቱ ይልቅ ብዙ ችግኝ ይፈጃል። በደጋ አገር ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ሰው ፀሐዩን ይንቀዋል። ነገር ግን በከፍታ ላይ አየሩ ሥሥ ስለ ሆነ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ በሩና መስኮቱ የተዘጋ ላስቲክ ቤት በብሩህ ቀን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ሙቀት የቲማቲም ዘር አይበቅልም፤ የበቀለውም ለጋ ችግኝ ከዐፈሩ አጠገብ አንገቱ ተቃጥሎ ይወድቃል። ባይቃጠል እንኳ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ቀጥኖና ረዝሞ፥ ጉልበት አጥቶ ያድጋል፤ የላስቲኩም ላብ በቅጠሉ ላይ እየተንጠባጠበ ችግኙን ከሥሩ የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ያመጣል። ስለዚህ ዘሩ እንደ ተዘራ የሚፈለገው ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን፥ ከበቀለ በኋላ ግን መቀነስ አለበት፤ ለቲማቲም ቀን ከ20 እስከ 25፥ ሌሊትም ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃል። ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ በሩን ጥቂት መክፈት፥ በቀትር በሁለቱም ወገን ነፋስ ማሳለፍ፥ ከ10 ሰዓት በፊትም የቀኑን ሙቀት ይዞ እንዲያድር መዝጋት የጠባቂው ዕለታዊ ሥርዓት ነው። ውኃም በጠዋት ይጠጣል እንጂ በማታ አይጠጣም፤ ቅጠሉ ርሶ ያደረ ችግኝ ለበሽታ የተሰጠ ነውና።

ይህ ሁሉ በዓይንና በእጅ ግምት አይሆንም። ሰው ከብርድ ወደ ላስቲክ ቤት ሲገባ 20 ዲግሪው 30 ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለት ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ አንዱ በችግኙ ቁመት ልክ ከፀሐይ ተከልሎ የሚሰቀል፥ ሁለተኛው ዘሩ በተኛበት ጥልቀት፥ ሁለት ጣት ያህል በዐፈሩ ውስጥ የሚተከል። ንጋት ላይ፥ በቀትርና ማታ ተነብቦ በመዝገብ ሲጻፍ፥ ዘሩ ቢጠፋ የጠፋበት ቀንና ምክንያት ይታወቃል። መዝገብ የሌለው ቤት ግን በየዓመቱ ያንኑ ስሕተት ይደግማል፤ ጥፋቱንም በዕድል ያሳብባል።

በዚህ ስፍራ ለካህናት ልዩ ነገር ሊነገር ይገባል። ላስቲክ ቤት በዓል አያውቅም። ኅዳር 12 ቀን ሚካኤል፥ ኅዳር 21 ቀን ጽዮን፥ ታኅሣሥ 19 ቀን ገብርኤል ይከበራሉ፤ እነዚህም ክብረ በዓላት የሚውሉት ለችግኙ እጅግ አስጊ በሆኑት ወራት ነው። ጠባቂው በዓሉን አክብሮ፥ በሩን ቆልፎ፥ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ፥ ቀኑም ብሩህ ቢሆን፥ የአንድ ወር ድካም በአንድ ቀትር ይቃጠላል። ብዙ ምእመናን በበዓል ቀን ማረስና መቆፈር እንደማይገባ ሲያውቁ፥ በር መክፈትና ሰሌን ማንሣት ከዚያ ጋራ ይቈጠርባቸው እንደ ሆነ ይጠራጠራሉ። ይህን ጥርጥር የግብርና ሠራተኛ ሊያነሣው አይችልም፤ ሊያነሣው የሚችል የንስሐ አባት ነው። በወንጌል በሰንበት ቀን ወደ ጕድጓድ ስለ ወደቀው በሬ የተነገረውን የሚያስተምር ካህን፥ በሚቃጠል ቤት ውስጥ ስለ ተዘጋ ችግኝም ለምእመኑ ምን እንደሚመልስ አያጣም። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቃል ቢናገር ብዙ መደብ ይድናል።

ደግሞም ካህናት ለአትክልተኛው ሊሰጡት የሚችሉት ሌላ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም የባሕረ ሐሳብ ቍጥር ነው። በኢትዮጵያ የአትክልት ገበያ ከሌላው ጊዜ ይልቅ የሚደራው በዐቢይ ጾም ነው፤ በ55ቱ ቀን ሥጋና ወተት ከማዕድ ስለሚርቁ ቲማቲሙ፥ ቃሪያው፥ ሽንኩርቱና ጎመኑ ይፈለጋሉ። ይህ ጾም ግን በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፤ ከየካቲት 1 ቀን አይቀድምም፥ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። የ2018 ዓ.ም. ጾም መግቢያው የካቲት 9 ቀን ሲሆን፥ የ2019 ዓ.ም. ግን የካቲት 29 ቀን ነው፤ በመካከሉ 20 ቀን ልዩነት አለ። ለአትክልተኛ 20 ቀን በጥሩና በወደቀ ዋጋ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ቲማቲም በችግኝ መደብ ከ35 እስከ 40 ቀን፥ ከተተከለ በኋላም የመጀመሪያው ፍሬ እስኪቀላ 80 ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ድምሩ ወደ 120 ቀን፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር 4 ወር ይሆናል። ስለዚህ የሒሳቡ መንገድ ቀላል ነው፤ ጾሙ ከሚገባበት ቀን 4 ወር ወደ ኋላ መቍጠር ነው። ጾሙ የካቲት 9 የሚገባ ከሆነ ዘሩ ጥቅምት 9፥ የካቲት 29 የሚገባ ከሆነ ጥቅምት 29 ሊዘራ ይገባል። እንደ አምቦ ባለ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝ ስፍራ እድገቱ ስለሚዘገይ ጥቂት ሳምንት አስቀድሞ መዝራት ይሻላል፤ ከሚገባው በላይ አስቀድሞ መዝራት ግን በመደብ ላይ ያረጀ፥ ከተተከለ በኋላም የማይነሣ ችግኝ ያተርፋል። ጥቅምት ሌሊቱ መቀዝቀዝ የሚጀምርበት ወር ስለ ሆነ የላስቲኩ ጥቅም የሚገለጠው በዚህ ነው። አበው ሊቃውንት የጾሙን ቀን አስቀድመው ቈጥረው የሚናገሩት ለምእመናን ዝግጅት ነው፤ ይኸው ቍጥር በመስከረም ወር በየአጥቢያው ለአትክልተኞች ቢነገር፥ ለጾሙ ማዕድ የሚሆነውን ለማዘጋጀት ከሁሉ የሚበልጥ የእርሻ ምክር ይሆናል።

ከላስቲክ ቤት የወጣ ችግኝ በአንድ ቀን ወደ ሜዳ ሊጣል አይገባውም። በምቾት ያደገ ልጅ በአንድ ሌሊት እረኛ አይሆንም። ከመተከሉ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ ውኃውን እየቀነሱ፥ በመጀመሪያ ቀን ለጥቂት ሰዓት፥ በኋላም ቀኑን ሁሉ፥ በመጨረሻም ሌሊቱን በደጅ እያሳደሩ ማጠንከር ያስፈልጋል። ሜዳው ውርጭ የሚጥልበት ከሆነ ግን ቲማቲምና ቃሪያ በዚያ ወቅት በደጅ መትከል ገንዘብን መበተን ነው፤ እንደዚህ ባለው ስፍራ ጎመን፥ ካሮትና ቀይ ሽንኩርት ይሻላሉ። ለከፍታው የሚገባውን ለከፍታው፥ ለቆላው የሚገባውን ለቆላው መተው ከጥበብ ይቈጠራል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ ቲማቲም ከመቂና ከዝዋይ በመኪና እየመጣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል ይል ይሆናል። የስምጥ ሸለቆ አትክልት አገሩን ሲመግብ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል አምቦና ጌዶ እስኪደርስ ድረስ ኪራይ፥ የደላላ ድርሻና መበስበስ ይጨመርበታል። ገንዘቡም ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች ወጥቶ ይሄዳል። ሌላው ሰው ደግሞ የአምቦን ፍል ውኃ አይቶ፥ በአይስላንድና በኬንያ በናይቫሻ እንደሚደረገው በምድር ሙቀት የሚሞቅ ታላቅ ቤት ይሠራ ሊል ይችላል። አሳቡ መልካም ነው፤ ብዙ ጥናትና ብዙ ገንዘብ ግን ይጠይቃል። በጄሪካንና በጆንያ ሙቀት መጠበቅ ያልለመደ ሰው በብረት ቧንቧም አይጠብቅም፤ ትንሹን ሥራ በታማኝነት የያዘ ግን ለትልቁ ይዘጋጃል።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ዕውቀት በቅርብ አለ። በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1939 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የግብርና ተማሪዎችን ያስተምራል። የእርሻ ምርምር ድርጅት በ1958 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የሆለታ ምርምር ማዕከል በደጋ አዝርዕት፥ የባኮውም በበቆሎና በበርበሬ ብዙ ሠርተዋል። በየወረዳውም አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የበዙ የዛፍ ችግኝ ጣቢያዎች አሉ። የዛፍ ችግኝ በክረምት ለተከላ ከወጣ በኋላ ብዙው መደብ ባዶ ይሆናል፤ የአትክልት ዘር የሚዘራውም በዚያው ባዶ በሚሆንበት ወቅት ነው። ስለዚህ አዲስ ቦታ ሳይፈለግ፥ ያለው ጣቢያ ለሁለት ሥራ ሊውል ይችላል።

ባለሥልጣኖች ሊያደርጉት የሚገባቸው ነገር እንግዲህ ግልጽ ነው። በአዲስ ዓለም፥ በጊንጪ፥ በአምቦ፥ በጉደርና በጌዶ በያንዳንዳቸው በመጀመሪያ አንድ ትንሽ ቤት ብቻ ይሠራ፤ ለአንዱ ቤት ግን በፈረቃ የሚሠሩ ሁለት ጠባቂዎች ይመደቡ፤ አንዱ በዓል ሲያከብር ሌላው ይጠብቅ። ከጠባቂዎቹ አንዱ በሆለታ የአበባ ቤቶች የሠራ፥ ሌላው ከአምቦ የግብርና ትምህርት የወጣ ቢሆን ልምድና ትምህርት ይገናኛሉ። ቴርሞሜትር ከላስቲኩ ጋራ አብሮ ይገዛ፤ መዝገቡም በየሳምንቱ ይመርመር። ችግኙ በመጠነኛ ዋጋ ለአካባቢው አትክልተኞች፥ ይልቁንም በጓሮአቸው ለሚያለሙ ሴቶችና መሬት ላነሳቸው ወጣቶች ይሸጥ፤ ገንዘቡም ለሚቀጥለው ዓመት ዘርና ላስቲክ ይዋል።

ከሁሉ በላይ የሪፖርቱ አጻጻፍ ይለወጥ። በዚህ ዓመት ይህን ያህል ላስቲክ ቤት ተሠራ የሚል ሪፖርት ስለ ላስቲክ ይናገራል እንጂ ስለ ምግብ አይናገርም። መጠየቅ ያለበት፥ ስንት ዘር ተዘራ፥ ስንቱ በቀለ፥ ስንቱ ችግኝ ለተከላ ደረሰ፥ ከተተከለውስ በወሩ ስንቱ ቆሞ ተገኘ የሚለው ነው። አለቃው ይህን የጠየቀ ቀን የበታቹ ሠራተኛ ወደ ላስቲክ ቤቱ በቀትር ይሄዳል፤ አለቃው የቤቱን ቍጥር ብቻ የጠየቀ እንደ ሆነ ግን ሠራተኛው ወደ ቤቱ የሚሄደው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን በሩ ተዘግቶ፥ ላስቲኩ በነፋስ ተቀድዶ፥ መደቡም ሣር አብቅሎ ይኖራል።

ዘር ትንሽ ነገር ነው፤ በአንድ ማንኪያ ውስጥ የብዙ መደብ ቲማቲም ይገባል። ነገር ግን ገዝቶ የዘራው ሰው ተስፋውን ሁሉ አብሮ ቀብሮታል፤ አንዳንዱም ተበድሮ የገዛው ነው። ያ ዘር ሌሊት በብርድ፥ ቀን በሙቀት ሲጠፋ የሚጠፋው የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ገቢ ነው። ሹሙ መለኪያውን ይስጥ፥ ካህኑ ቀኑን ቈጥሮ ይንገር፥ ጠባቂውም በሩን በጊዜው ይክፈት፥ በጊዜውም ይዝጋ። እነዚህ ሦስቱ የተገናኙ እንደ ሆነ የአምቦና የአጎራባቾቿ ከተሞች ሕዝብ በሚመጣው ጾም ማዕዱን ከገዛ መሬቱ ይሞላል።